የወንዝ ዳር ማረፊያ በምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ፤ ከባሕረ ጥምቀት እስከ ብሔራዊ ፓርክ

፩. ስለ ቃሉና ስለ ነገሩ

«መናፈሻ» የሚለው ቃል «ነፈሰ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ሰው ከቤቱ ወጥቶ፥ ከሥራው አርፎ፥ ነፋስ የሚቀበልበት ስፍራ ማለት ነው። «ፓርክ» የሚለው ከውጭ የመጣ ቃል ግን ሌላ ታሪክ አለው። በጥንታዊው ፈረንሳይኛ የታጠረ መሬት ማለት ሲሆን፥ በአውሮፓ ነገሥታትና መኳንንት አውሬ የሚያድኑበትን፥ ተራ ሰው እንዳይገባበት የተከለከለውን ዱር ያመለክት ነበር። በአማርኛ ዛሬ ሁለቱ ቃላት እንደ አንድ ይነገራሉ፤ ነገር ግን አንደኛው የሰውን ድርጊት፥ ሁለተኛው የመሬቱን አጥር ይናገራል።

በአውሮፓ የታጠረው መሬት ቀስ በቀስ ለሕዝብ ተከፈተ። በእንግሊዝ አገር በበርከንሄድ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራው መናፈሻ በ1847 እ.ኤ.አ. ተመርቆ ለማንኛውም ሰው ክፍት ሆነ። በአሜሪካ በ1872 እ.ኤ.አ. የሎውስቶን በሕግ ተከልሎ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ነገሩ በተቃራኒው መንገድ የሄደ ይመስላል። መስኩ፥ የወንዙ ዳርና የዛፉ ጥላ አስቀድሞ የጋራ ነበረ፤ ወሰኑም በአጥር ሳይሆን በቀንና በሥርዓት ይታወቅ ነበር። አጥር የመጣው በኋላ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መካነ ሰላምንና በዙሪያዋ ያለውን የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ መነሻ አድርጎ፥ ሕዝቡ ከቤቱ ወጥቶ በውሃ ዳርና በመስክ የሚያርፍበት ልማድ እንዴት እንደ ቆመና በአዲሱ የፓርክ አሠራር ምን እንደ ደረሰበት ማስረዳት ነው። ከዚህ በታች እንደሚታየው ጥንታዊው የማረፊያ ስፍራ በሦስት ነገሮች ይኖር ነበር፤ እነርሱም የተወሰነ ጊዜ፥ የታወቀ ጠባቂና የሕዝቡ ተካፋይነት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ስፍራው መሬት ሆኖ ይቀራል እንጂ ማረፊያ አይሆንም።

፪. ሁለት ዓይነት ወንዝ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በስተ ምዕራብ ዐባይ አገሩን ከጎጃም ይለየዋል፤ በሽሎና ወለቃ የመሳሰሉት ወንዞችም ደጋውን እየሰነጠቁ ወደ ዐባይ ይወርዳሉ። ይህ አገር በመካከለኛው ዘመን «ቤተ አምሐራ» ይባል ከነበረው ክፍል ጋር የተያያዘ ሲሆን፥ በአማራ ሳይንት የምትገኘው ተድባበ ማርያም ከጥንታዊ አድባራት መካከል የምትቆጠር ናት። በኋላም በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የወረ ሂመኖ እስላም ባላባቶች ተንታን መቀመጫቸው አድርገው በአካባቢው ገንነው ኖረዋል። ስለዚህ በአንድ ወንዝ ዳር የክርስቲያኑም የእስላሙም ልማድ ተጎራብቶ ይገኛል።

የዚህን አገር የወንዝ ዳር ኑሮ ለመረዳት አስቀድሞ ሁለት ዓይነት ወንዝ መኖሩን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የቆላው ወንዝ ነው። ዐባይና በሽሎ ከደጋው ጠርዝ ከ1000 ሜትር በላይ ዝቅ ብለው በገደል መካከል ይፈስሳሉ። በክረምት ሞልተው መሻገሪያ ያሳጣሉ፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ በቆላው ንዳድ ይነሣል። ስለዚህ ደገኛው ወደ እነዚህ ወንዞች የሚወርደው ለመሻገር፥ ለንግድ ወይም ለቆላ እርሻው ነው እንጂ ለማረፍ አይደለም። ሌሊቱን ከማደር ይልቅ ሲመሽ ሽቅብ መውጣትን ይመርጣል። «ዐባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለሌላ ጉዳይ የሚነገር ቢሆንም፥ የቆላውን ወንዝ ጠባይ በሚገባ ይገልጻል። ማደሪያ የሌለው ውሃ ለሰውም ማደሪያ አይሆንም።

የቆላው ወንዝ ምን ያህል ድካም የሚጠይቅ እንደ ነበረ የ1860 ዓ.ም. ታሪክ ያስረዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ «ሴባስቶፖል» የተባለውን ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፥ የጂዳንና የበሽሎን ገደል የሚያስወርድና የሚያስወጣ መንገድ በሠራዊታቸው እጅ አስጠርበዋል። ጉዞውም ወራትን ፈጀ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ክሌመንትስ ማርካም ይህን የመንገድ ሥራ አይቶ አድንቆ ጽፏል። የጄኔራል ናፒየር ጦርም ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በዕለተ ስቅለት፥ ከደላንታ ደጋ ወርዶ በሽሎን ተሻገረና በዚያው ቀን በአሮጌ ጦርነት ሆነ። ከሦስት ቀን በኋላ፥ ሚያዝያ 6፥ ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሕይወታቸውን ሠዉ። እንግዲህ በሽሎ በታሪክ መዝገብ የሚታወቀው በመሻገሪያነቱ ነው፤ ጉዳዩን ጨርሶ በዳሩ የሚቀመጥ ሰው አይነገርለትም።

ሁለተኛው ዓይነት የደጋው ወንዝ ነው። ይህም ከምንጭ የሚነሣ፥ በመስክ መካከል የሚያልፍ፥ ገደሉ ጫፍ ላይ እስኪደርስ ድረስ ዝግ ብሎ የሚሄድ ጅረት ነው። ሴቶች ውሃ የሚቀዱት፥ ልብስ በእንዶድ የሚታጠበው፥ ከብት የሚጠጣው፥ እረኞች ዋና የሚማሩት በዚህ ነው። «የወንዜ ልጅ» የሚለው አባባል አንድን የአገር ሰው ሲያመለክት፥ ሰው በአጥቢያው ወንዝ መታወቁን ያሳያል። በዚህ አገር ስለ ወንዝ ዳር ማረፊያ ሲነገር መታሰብ ያለበት ይህ ትንሹ ወንዝ ነው፤ ከትልቁ ወንዝ የተሻለ ታሪክም አለው።

፫. ባሕረ ጥምቀት፤ ውሃው ወደ ሰው የመጣበት ስፍራ

ትልቁ ወንዝ በጥልቅ ስለሚገኝ የደጋው ሰው ወደ ውሃ ከመውረድ ይልቅ ውሃውን ወደ ራሱ ማምጣትን ለመደ። ለዚህ ከሁሉ የጎላው ምስክር የጥምቀት በዓል ነው። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1513 ዓ.ም. በጥር ወር በዐፄ ልብነ ድንግል ሠፈር የተከበረውን ጥምቀት አይቶ በዝርዝር ጽፏል። በሜዳው ላይ ሰፊ ጉድጓድ ተቆፍሮ፥ ውስጡ በሳንቃና በሰም በተነከረ ሸማ ተለብዶ፥ ውሃው ከወንዝ በቦይ ተመርቶ ገባበት። አንድ ሽማግሌ ካህን እስከ ትከሻቸው ድረስ በውሃው ውስጥ ቆመው፥ በውርጭ እየተንቀጠቀጡ፥ የሚመጣውን ሕዝብ ሲያጠምቁ ንጉሡ ከመጋረጃ ኋላ ሆነው ይመለከቱ ነበር።

በጎንደርም ዐፄ ፋሲል እንዳሠሩት የሚነገርለት መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በሚሳብ ውሃ ይሞላል፤ በዙሪያው ያሉት ትልልቅ ዛፎች ሥራቸውን በግንቡ ላይ ዘርግተው ይታያሉ። ከዓመት ዓመት ባዶ የሚቆመው ይህ ስፍራ ለጥምቀት ይሞላል። የነገሥታቱ አሠራር በድንጋይ ስለ ሆነ ታወቀ እንጂ፥ በየአጥቢያው ያለው አሠራር መሠረቱ ተመሳሳይ ነው። ትንሹ ወንዝ ይገደባል፤ ውሃው ይጠራቀማል፤ ስፍራው ትንሽ ጅረት ቢሆንም እንኳ «ባሕር» ይባላል። ይህ አጠራር በሚገባ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ውሃውን ባሕር ያሰኘው ስፋቱ አይደለም፤ የተሰበሰበበት ሕዝብ ብዛትና የተሰጠው ክብር ነው።

ባሕረ ጥምቀቱ «ታቦት ማደሪያ» ተብሎም ይጠራል። ጥር 10 ቀን፥ በከተራ፥ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው ወደዚያ ይወርዳሉ፤ በድንኳንም ያድራሉ። ሕዝቡ ከካህናቱ ጋር ሌሊቱን በሜዳ ያሳልፋል። ቆላው ወንዝ ማደሪያ የሌለው ሲሆን፥ የደጋው ወንዝ ዳር ግን በዓመት አንድ ሌሊት የታቦት ማደሪያ ይሆናል። ከዚህም የተነሣ ስፍራው በቀሩት ቀናት ሁሉ የተለየ መልክ ይይዛል። ማንም አያርሰውም፤ ቤት አይሠራበትም፤ ዛፉን ለመቁረጥ የሚደፍር ጥቂት ነው። ከብት ይግጥበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ሽማግሌዎች በጥላው ሥር ተቀምጠው ነገር ያያሉ። ማለትም አንድ ሌሊት የሚከበረው በዓል ቀሪውን ዓመት መስኩን ይጠብቅለታል። ማዘጋጃ ቤት በሌለበት ዘመን መናፈሻ የጠበቀው ሕግ ይህ ነው።

፬. የዓመቱ ዙር

ባሕረ ጥምቀቱ በአንድ ሌሊት የሚታወቅ ቢሆንም፥ ከቤት ውጭ የማረፍ ልማድ ግን በዓመቱ ውስጥ ተሰራጭቶ ይገኛል። የአዲሱን ዘመን አነጋገር ተከትሎ «ዓመቱን ሙሉ» ቢባል፥ የደጋው ሰው ዓመቱን ሙሉ ከቤት ውጭ የሚያርፍበት ቀን ነበረው። ልዩነቱ ቀኑን የሚመርጠው ሰውየው ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ዝናሙ፥ ሰብሉና የበዓሉ ቁጥር አብረው ይመርጡለታል።

ጳጉሜን ሲገባ ገና ወንዙ ሙሉ ሳለ፥ ሰው በማለዳ ወርዶ ይታጠባል፤ በተለይ በጳጉሜን 3፥ በሩፋኤል ቀን፥ የዘነበው ዝናም እንደ ጠበል ይቆጠራልና ልጆች ራቁታቸውን ይወጡበታል። በመስከረም ወንዙ መጥራት ይጀምራል፤ ዐደይ አበባ መስኩን ይሸፍናል፤ ልጃገረዶች አበባና ለምለም ሣር ለመልቀም ይሰማራሉ። መስከረም 16 እና 17 ደመራው በአደባባይ ይቆማል። ከዚያ አዝመራው እስኪሰበሰብ ድረስ መስኩ ጸጥ ይላል። በታኅሣሥ መጨረሻ ወንዶች በሜዳ ላይ የገና ጨዋታ ይጫወታሉ፤ በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን ቢያሸንፍ፥ ቢቀልድበትም፥ የጌታው ቁጣ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። በጥር ጥምቀት ይሆናል፤ ሠርግም በዚሁ ወር ይበዛል። ግንቦት 1 ቀን፥ በልደታ፥ ጎረቤት ተሰብስቦ ንፍሮውን ቀቅሎ፥ ቡናውን አፍልቶ፥ ከቤት ውጭ፥ ከዛፍ ሥር ወይም ከምንጭ አጠገብ ይበላል ይጠጣል። የልደታን ድግስ በቤት ውስጥ መብላት ልማዱን ማፍረስ ነው። ሐምሌ ሲገባ ደጃፉ ጭቃ፥ ወንዙ ደራሽ ይሆናልና ሰው ወደ ምድጃው ይሰበሰባል፤ ነሐሴ 13 ቀን ግን በቡሄ የልጆች ጅራፍ ከየኮረብታው ይሰማል።

የእስላሙም ወገን የራሱ ዙር አለው። በዒድ ቀን ሰላቱ በገላጣ ሜዳ በጀማ ይሰገዳል፤ ከሰላቱ በፊት የሚደረገው ትጥበትም ምንጭንና ጅረትን የጸሎት ጎረቤት ያደርጋቸዋል። በወሎ ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ የመሠረቱት የጃማ ንጉሥ ለመውሊድ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ስፍራ ሆኖ ታውቋል። የጨረቃው ዓመት ከፀሓዩ ዓመት ስለሚያጥር የእስላሙ በዓል በየወቅቱ እየዞረ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜ በበጋ፥ አንዳንድ ጊዜ በክረምት ይውላል። ከዚህም የተነሣ ሁለቱ ዙሮች ተደርበው ሲታዩ፥ መስኩ ጨርሶ እንግዳ የሚያጣበት ወቅት በጣም ጥቂት ነው። በወሎ አንዱ ወገን በሌላው በዓል እንደ ጎረቤትና እንደ ዘመድ መገኘቱ የታወቀ ስለ ሆነ፥ መስኩም የአንዱ ብቻ ሆኖ አልቀረም።

ነገር ግን በዓሉን ብቻ ተመልክቶ የሥራውን ቀን መዘንጋት አይገባም። በሥራ ቀን ወንዝ ዳር የሴቶችና የልጆች ነው። ሴት እንስራዋን አዝላ ስትወርድ ወደ ሥራ ትሄዳለች፤ ሆኖም ከጎረቤቶቿ ጋር ያለ አማት ያለ ባል የምትነጋገርበት ስፍራ ያው ወንዝ ነው። ልብስ የሚታጠብበት ቀን ከጧት እስከ ማታ ይፈጃል፤ ልብሱ በሣር ላይ ተሰጥቶ እስኪደርቅ ድረስ ያለው ጊዜ ዕረፍት ነው ቢባል አይሳሳትም። እረኛውም ከብቱን እየጠበቀ ይዋኛል፤ ዋሽንቱን ይነፋል። በዚህ አኗኗር ሥራና ዕረፍት የተለያየ ስፍራ የላቸውም፤ በአንድ መስክ ላይ ይፈራረቃሉ። በኋላ የመጣው ፓርክ ከሁሉ አስቀድሞ ያፈረሰው ይህን መፈራረቅ ነው።

፭. ጠባቂና ተካፋይ

በጋራ የተያዘ መስክ ያለ ጠባቂ አይኖርም። ባሕረ ጥምቀቱን የሚጠብቀው የታቦቱ ክብር ነበረ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ደን የሚጠብቀው ደብሩ ነበረ። ታቦት የማያድርበት፥ ለሣርና ለማገዶ ብቻ የሚፈለግ ሰፊ መስክስ እንዴት ይጠበቅ ነበር ቢባል፥ ከደቡብ ወሎ በስተ ደቡብ በሚገኘው በመንዝ የቆየው የጓሳ ሥርዓት ግልጥ ምሳሌ ይሰጣል።

በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው በ17ኛው መቶ ዓመት አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች የጓሳውን ደጋ ለተወላጆቻቸው ለየተው ሰጡ። «ቄሮ» በተባለው ሥርዓት መሠረት ተወላጆቹ አለቃ መርጠው መስኩን ያስጠብቁ ነበር። ጓሳው ለዓመታት፥ አንዳንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፥ ይዘጋ ነበር። ሣሩ ደርሷል ተብሎ ሲታመን በበጋ ይከፈታል፤ ባለ ድርሻው ሁሉ ለቤቱ ክዳን፥ ለገመዱና ለከብቱ የሚሆነውን ያጭዳል፤ ክረምቱ ሲገባ፥ ሐምሌ 5 በጴጥሮስ ወጳውሎስ አካባቢ፥ እንደ ገና ይዘጋል። በዚህ ሥርዓት መዘጋትና መከፈት ተቃራኒዎች አልነበሩም። የተዘጋው እንዲከፈት ነው፤ ጠባቂውም ባለ ድርሻ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ በዚያ ደጋ እስከ ዛሬ የቆዩት ስለ እነርሱ ተብሎ በተጻፈ አዋጅ ሳይሆን፥ ሰው ለሣሩ ብሎ በጠበቀው መስክ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ የርስት ሥርዓት ቀረ፤ በርስት ላይ የቆመው ቄሮም አብሮ ፈረሰ። አዋጁ ገባሩን ከባላባት ጭነት ያወጣ ትልቅ ለውጥ እንደ ነበረ አይካድም። ሆኖም የጋራ መስክን የሚጠብቀው ሥርዓት ከባላባትነቱ ጋር ተደባልቆ ስለ ነበረ፥ አንዱ ሲነቀል ሌላውም ተነቀለ። የመንዝ ሰዎች የኋላ ኋላ አዲስ የኅብረተሰብ ጥበቃ አቋቁመው፥ ጓሳው በ2000 ዓ.ም. በኅብረተሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ሆኖ በሕግ ታወቀ። ይህ የሚያሳየው ሥርዓቱ የሚኖረው በተካፋይነቱ እንጂ በጥንታዊነቱ አለመሆኑን ነው።

፮. ከደንቆሮ ጫካ እስከ ብሔራዊ ፓርክ

ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ በቦረናና በሳይንት መካከል ደንቆሮ ጫካ ይገኛል። ከ1900 ሜትር ገደማ ተነሥቶ እስከ 3700 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ስላለው፥ ከታች ወይራና ጽድ፥ ወደ ላይ ኮሶና አስታ፥ ከዚያም በላይ ጅብራና ጓሳ ይታይበታል። ቀይ ቀበሮ፥ ጭላዳ ዝንጀሮ፥ ነብር፥ የምኒልክ ድኩላና ሰስ የሚኖሩበት ነው። ከዚህ ጫካ የሚነሡት ጅረቶች ወደ ዐባይ ከመውረዳቸው በፊት በዙሪያው ያለውን ገበሬ ያጠጣሉ። የደጋውን ትንሽ ወንዝ ጠብቆ የሚያኖረው ጫካው ነው ማለት ነው፤ ጫካው ሲመናመን የበጋው ውሃ ይደርቃል፤ የክረምቱም ጎርፍ ይሆናል።

ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፥ እንደ ገናም በ1977 ዓ.ም. በረኃብ የተጎዳ አገር ነው። በእንዲህ ያለ ዘመን ጫካና መስክ የማረፊያ ስም አይኖራቸውም። ጫካው ማገዶና መሸጫ፥ መስኩ የመጨረሻው እርሻ፥ የወንዙ ዳር የመጨረሻው ግጦሽ ይሆናል። የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምርና የእርሻው ድርሻ ሲጠብ፥ ማረሻው ወደ ገደሉ አፋፍ ወጣ። ስለዚህ የተረፈውን ደን መከለል የግድ ሆነ፤ ደንቆሮ ጫካ አስቀድሞ በመንግሥት ደንነት ከተጠበቀ በኋላ፥ በ2001 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ብሎ አቋቋመው። መጀመሪያ የተከለለው ከ4000 ሔክታር ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ በኋላ ወሰኑ ሰፍቶ የወረ ሂመኖ ስም ታከለበት።

ፓርኩ ምን ሠራ ምን አጎደለ የሚለውን በሚዛን ማየት ይገባል። የሠራው ግልጥ ነው፤ ወሰን ያለው፥ ደመወዝ የሚከፈላቸው ጠባቂዎች ያሉት፥ በሕግ የታወቀ ስፍራ ሆኗል። ያለዚህ ጫካው እስከ ዛሬ መቆየቱ ያጠራጥራል። ያጎደለውም ከላይ ከተነገረው ይታወቃል። ቀድሞ ከብቱን ያሰማራ፥ እንጨት የለቀመ፥ በጅረቱ የዋኘ የአጥቢያ ሰው አሁን ወሰን ጣሽ ሊባል ይችላል፤ ከሩቅ የመጣ ጎብኚ ግን ከፍሎ ይገባል። ከቦረና ሳይንት ጋር በሚነሡት ጉዳዮች ሁሉ ግጦሽ፥ ማገዶና የእርሻ መስፋፋት ከፊት የሚቆሙት ከዚህ የተነሣ ነው።

ነገሩ የወሎ ብቻ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሽ ፓርክ የከረዩ አርብቶ አደሮች ከብት ያጠጡበት የነበረውን የወንዝ ዳር ስለ ከለለ፥ ክርክሩ ለብዙ ዘመን ቀጠለ። በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተከለለውና በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ፓርክ የግጭ መንደርን በውስጡ ይዞ ከቆየ በኋላ፥ ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። በሁለቱም ስፍራ የተፈጥሮው ክብር እውነት ነው፤ የሰዎቹም ዋጋ እውነት ነው። የመንዝ ጓሳ ከእነዚህ የሚለየው አውሬው ወይም ሣሩ ስለ በለጠ አይደለም፤ ጠባቂውና ባለ ድርሻው አንድ ሰው ስለ ሆነ ነው።

፯. የከተማው ሰውና አዲሱ ጥያቄ

እስካሁን የተነገረው ስለ ገበሬው ነው። ነገር ግን መካነ ሰላምን የመሰለች ትንሽ ከተማ አዲስ ዓይነት ሰው አፍርታለች። አስተማሪው፥ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው፥ ነጋዴውና ተማሪው ሥራቸው ከዝናሙና ከአዝመራው ጋር የተያያዘ አይደለም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከዋናው የቱሉ አውሊያ ግቢ ሌላ በመካነ ሰላም ግቢ ሲከፍት፥ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፥ የአጥቢያው ወንዝ «ወንዜ» የማይሉት ወጣቶች በከተማው ይኖሩ ጀመር። እነዚህ ሰዎች የሚያርፉት በቅዳሜና በእሑድ፥ በየሳምንቱ ነው፤ ጥር 10ን ወይም ግንቦት 1ን የሚጠብቅ ዕረፍት አይበቃቸውም። ዓመቱን ሙሉ ክፍት የሆነ መናፈሻ መፈለጉ ከዚህ የመጣ እንጂ የውጭ አገር ፋሽን ብቻ አይደለም።

በአዲስ አበባ ይህ ፍላጎት በትልልቅ ሥራዎች ተገልጧል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የሸገር ወንዞች ዳርቻ ልማት ከእንጦጦ ተራራ እስከ አቃቂ የሚደርሰውን 56 ኪሎ ሜትር ያህል የወንዝ ዳር ለማስዋብ የታቀደ ነበር፤ የወዳጅነትና የእንጦጦ ፓርኮችም በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ተከፍተዋል። ትንሽ ከተማ እንደዚህ ያለ ገንዘብ የላትም። ነገር ግን ዋና ከተማ የሌላት ነገር አላት፤ ይኸውም ሕዝቡ አስቀድሞ የሚያከብረው መስክና ያልተበላሸ ጅረት ነው። ከአዲስ አበባ ወንዞች ዳር መናፈሻ ለመሥራት ቆሻሻውን መጥረግ የመጀመሪያው ሥራ ሲሆን፥ በደጋው ትንሽ ከተማ የመጀመሪያው ሥራ ያለውን አለማጥፋት ነው።

«ዓመቱን ሙሉ» የሚለው ቃል ግን በዚህ አገር ሲነገር መታረም ያስፈልገዋል። በሐምሌና በነሐሴ ደራሽ ውሃ በሚወርድበት ዳር ሰው አይቀመጥም፤ በዚያ ወቅት ማረፊያው ከወንዙ ወደ ኮረብታው፥ ከሣሩ ወደ ዛፉ ጥላ መዛወር አለበት። በመስከረምና በጥቅምት መስኩ ለአበባውና ለጠራው ውሃ፥ ከኅዳር እስከ የካቲት ለጨዋታና ለጉባኤ፥ በበልጉ ዝናም ጊዜ ደግሞ ለሣሩ ዕረፍት ሊሆን ይችላል። ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል መስክ ማለት በየወሩ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚቆም መስክ አይደለም፤ እንደ ወቅቱ አገልግሎቱን የሚለውጥ ነው። የጓሳ አባቶች ለሦስትና ለአምስት ዓመት ሲዘጉ ያወቁት ይህን ነው፤ መስክም እንደ ሰው ዕረፍት ያሻዋል።

ከሁሉ በላይ ግን መናፈሻ ሰላም ይፈልጋል። ወሎ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት ደርሶበት ደሴና ኮምቦልቻ ለሳምንታት በጦር ተይዘው ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አስከተለ። መንገድ ሲዘጋ ከሩቅ የሚመጣ ጎብኚ ይቀራል፤ በጎብኚ ገንዘብ ብቻ የተመሠረተ ጥበቃም ከጎብኚው ጋር ይቀራል። በዚህ ጊዜ ጫካውንና ጅረቱን የሚጠብቃቸው ከዚያ የማይሄደው የአጥቢያው ሰው ብቻ ነው። እርሱም የሚጠብቀው የራሱ ድርሻ እንዳለበት ሲያምን ነው።

በጠቅላላው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ታሪክ የሚያስተምረው ይህ ነው። ባሕረ ጥምቀቱ ለዘመናት ሳይታረስ የቆየው አጥር ስለ ነበረው አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በከተራ ሌሊት በዚያ የሚቀመጥበት ቦታ እንዳለው ያውቅ ስለ ነበረ ነው። ጓሳው ፈርሶ የተነሣውም ባለ ድርሻው ስላልጠፋ ነው። ደንቆሮ ጫካና በመካነ ሰላም ዙሪያ ያሉት የጅረት ዳሮች ወደ ፊት መናፈሻ ቢሆኑ፥ ወሰናቸውን የሚያኖረው ምሰሶ በመንግሥት እጅ ይተከል፤ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ቀን ግን ካህኑ፥ ሼኩ፥ ውሃ ቀጂዋ ሴትና እረኛው ካልተማከሩበት፥ ስፍራው የተከለለ መሬት ከመሆን አልፎ የሰው ማረፊያ አይሆንም።